ከእህቴ ጋር የተጣላሁባቸው ሁለት ጠዋቶች

ይህን ታሪክ ለመጻፍ ስነሳ መጀመሪያ ያስፈቀድኩት ባለቤቴን ሰላምን ነው። «ጻፈው፤ ግን ራስህን አታሳምር» አለችኝ። እሞክራለሁ።

ነገሩ ሲደርስብኝ ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነበር። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ከሰላምና ከአንዲት ሴት ልጃችን ጋር። አርሊንግተን ውስጥ የአንድ ትልቅ ፓርኪንግ ሱፐርቫይዘር ነኝ። ሰላም አሌክሳንድሪያ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርስ ረዳት ሆና ትሠራለች። ያኔ ምን ዓይነት ሰው ነበርክ ብትሉኝ፣ ሥራ የሚበዛበት ሰው ነበርኩ እላችኋለሁ። ስልክ ሲደወልልኝ «ሥራ ላይ ነኝ፣ መልሼ ኮል ላድርግ» ማለት ልማዴ ነበር። መልሼ የደወልኩላቸው ግን ጥቂት ናቸው።

አንዲት ታላቅ እህት ነበረችኝ፤ አስካለ ትባላለች። እኔ እታለም ነበር የምላት። በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት እኔ ገና አምስት ዓመቴ ስለነበር ያጠበችኝም፣ ያጎረሰችኝም፣ ትምህርት ቤት እጄን ይዛ ያስገባችኝም እሷ ናት። እኔ ጎረምሳ ስሆን እሷ ጣሊያን ሄደች። ሰው ቤት ተቀጥራ አሮጊቶች ታስታምም ጀመር። አንዷን ቀብራ ወደ ሌላዋ ቤት እየተዛወረች ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረች። አላገባችም፣ አልወለደችም። እኔ በዲቪ አሜሪካ ከገባሁ በኋላ በአካል የተያየነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ፣ ለአሥር ቀን።

ዜግነት ባገኘሁ ማግስት ለእሷ አመለከትኩላት። የወንድምና የእህት ፕሮሰስ እንዴት እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። አሥራ አራት ዓመት ጠበቅን። በነዚያ ዓመታት ሁሉ «እስቲ ናና እየኝ፤ ለአንድ ሳምንት እንኳ» ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ «ምን አስቸኮለሽ? ነገ አንቺው ትመጪ የለም እንዴ?» እላት ነበር። የእውነት እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው መስከረም የቃለ መጠይቅ ቀጠሮዋ ደረሰ፤ ናፖሊ በሚገኘው የአሜሪካ ቆንስላ። ደውዬ ስነግራት እልልታዋን ስጠብቅ ዝም አለች።

«እታለም፣ ሰማሽኝ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ደስ አላለሽም?»

«ደስ ብሎኛል። ጌቱዬ፣ አንተ ትመጣለህ?»

«መጥቼ አብሬሽ ናፖሊ ድረስ እሄዳለሁ። ለዚህማ አልቀርም።»

«ቶሎ ና» አለችኝ። ከዚያ ቀጠል አድርጋ፣ «የኔ ቤት ጠባብ ናት፣ ሁለት ሰው አትይዝም። አደባባዩ ላይ ካለችው ሆቴል ክፍል አስይዝልሃለሁ። ባለቤቷ ሰው ናት» አለች።

እሷ የምትኖርባት ከተማ ተራራ ጫፍ ላይ የተቆለለች ናት። ስሟን አልጠራም። ከሮም በባቡር ሄጄ ሜዳው ላይ ወረድኩና የቀረውን በአውቶቡስ እየተጠማዘዝኩ ወጣሁ። አውቶቡሱ ከከተማዋ በር ውጭ ጣለኝ፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ለመኪና አይመችም። ሻንጣዬን በድንጋይ ንጣፉ ላይ እያንገጫገጭኩ ወደ ላይ ስወጣ በየማዕዘኑ እታለምን እፈልጋለሁ። የለችም። ሆቴሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ያለ ባለ ሦስት ፎቅ ጠባብ ቤት ነው። ሊፍት የለውም፤ ክፍሎቹ ዘጠኝ ናቸው። በሩ ላይ የተቀበለችኝ ባለቤቲቱ ሲኞራ ፍራንካ ናት። ፀጉሯ የሸበተ፣ በወጣትነቷ ለንደን ሠርታ የተሰባበረ እንግሊዝኛ የምትናገር ሴት ናት። አቀፈችኝ። ለምን እንዲያ አጥብቃ እንዳቀፈችኝ አልገባኝም።

«አስካ ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ትመጣለች» አለችኝ። እህቴን አስካ ነበር የሚሏት።

«ዛሬስ?»

«ዛሬ አልቻለችም። ሥራ።»

ውቅያኖስ ተሻግሬ መጥቼ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው አለመምጣቷ ቅር አሰኘኝ። ተኛሁ።

በማግስቱ በአራት ሰዓት እታለም ገባች። ሰማያዊ ካፖርት ለብሳለች፤ ከንፈሯን ቀብታለች፤ ፀጉሯን በሐር ሻሽ ጠቅልላለች። ሳቅፋት ካፖርቱ ውስጥ ሰው ያለ አልመሰለኝም።

«ከስተሻል» አልኳት።

«አገሩ ዳገት ነው። ዳገት ያከሳል» አለችና ሳቀች።

ቁርስ ከሚበላበት ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጥን። ፍራንካ ሳትጠየቅ ትኩስ ወተት አምጥታ ፊቷ አኖረች። እታለም ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ትሞቀው ጀመር። ስለ ልጄ ጠየቀችኝ። «አማርኛ ትናገራለች?» አለችኝ። ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው አልኳት። «ይሁን፣ መስማትም ትልቅ ነገር ነው» አለች። ሌላም ልትጠይቀኝ ነበር፤ እኔ ግን ዶሴዬን ከፍቼ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የፖሊስ ማስረጃ፣ ፎቶግራፍ። አንድ ባንድ አስረዳኋት። እሷ የምታየው ወረቀቱን ሳይሆን እኔን ነበር።

«እየሰማሽኝ ነው?»

«ሽበት ወጥቶብሃል» አለችኝ።

የቀትሩ ደወል ሲደወል ተነሳች። «አሮጊቷ ትጠብቀኛለች» አለች። ልሸኝሽ ስላት፣ «የሰው ቤት ነው፣ አይሆንም» ብላ ከለከለችኝ። ከሰዓት በኋላውን ብቻዬን ስዞር ዋልኩ። ቱሪስቶች ሸለቆውን ፎቶ ያነሳሉ። የወይን እርሻው፣ የዝግባው ዛፍ ሁሉ እንደ ሥዕል ነው። እኔ ግን ይችን አገር ጠላኋት። የቀረኝ ሦስት ቀን ነው፣ እህቴ ሥራ አለብኝ ትላለች!

በሁለተኛው ቀንም በዚያው ሰዓት መጣች። ያው ካፖርት፣ ያው ወተት። እኔ ሌሊቱን ስብሰለሰል አድሬ ስለነበር ሰላምታዬም አጭር ነበር።

«የሜዲካል ምርመራው ከኢንተርቪው በፊት ማለቅ አለበት» አልኳት። «ነገ ከሥራ ፈቃድ ጠይቂና ናፖሊ እንውረድ።»

«ሐኪም ቤት አልወድም።»

«ግዴታ ነው እኮ። ደም ይሰጣል፣ ራጅ ይነሳል፣ በቃ።»

እጇን እጄ ላይ አኖረች፤ ቀዝቃዛ ነበር። «ጌቱዬ፣ እኔ አሜሪካ አልሄድም። አንተን ላይህ ፈልጌ ነው። አየሁህ።»

ሰላም ራስህን አታሳምር ስላለችኝ እዚህ ላይ ያልኩትን ሁሉ እጽፋለሁ።

«አሥራ አራት ዓመት!» አልኳት። «አሥራ አራት ዓመት አንቺን አመጣለሁ ብዬ ስባዝን ኖሬ፣ ዛሬ አልሄድም ትይኛለሽ? የፈረንጅ አሮጊት ከወንድምሽ በልጣብሽ ነው? ድሮም እንዲህ ነሽ። አባባ ሲሞትም አልመጣሽም። ቀብሩ ላይ ብቻዬን ነው የቆምኩት። ሰው ሁሉ ‹አስካለስ?› ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ። አንቺ ዘመድ አያስፈልግሽም።»

አባታችን ሲሞት እታለም የመኖሪያ ፈቃድ አልነበራትም። አንዴ ከወጣች ተመልሳ እንደማትገባ አውቅ ነበር። በዚያ ሰሞን ገንዘብ እየላከች እኔን የምታስተምረኝ እሷ ነበረች፤ ይህንንም አውቅ ነበር። ሁሉንም እያወቅኩ ነው የተናገርኩት።

ፊቷ አልተለወጠም። «ልክ ነህ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ጠረጴዛውን ደገፍ ብላ ተነሳች። ደወሉ ገና አልተደወለም። አንድ እርምጃ ሄዳ ቆመች፤ የወንበሩን ጀርባ ጨበጠች። ፍራንካ ከጓዳ እየሮጠች መጥታ በክንዷ ደገፈቻትና ይዛት ወጣች። እኔ ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም። ልታሳዝነኝ ነው ብዬ አሰብኩ።

አመሻሹ ላይ ለሰላም ደወልኩላት። አሌክሳንድሪያ እኩለ ቀን ነበር፤ ምሳ ላይ አገኘኋት። ብሶቴን ሁሉ ዘረገፍኩላት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«ትበላለች?» አለችኝ ስጨርስ።

«ምን?»

«እታለም። አብራችሁ ስትሆኑ ትበላለች ወይ?»

«ወተት ይመጣላታል። አትጠጣውም።»

«እግሯስ?»

«ሰፊ ነጠላ ጫማ ነው ያደረገችው። በዚህ ብርድ።»

«ዓይኗስ? ነጩ፣ ነጭ ነው?»

አሰብኩ። «ቢጫ ቢጤ መሰለኝ። መብራቱ ይሆናል።»

«ጠዋት፣ መስኮት ሥር ነው የተቀመጥነው አላልከኝም? የምን መብራት ነው?»

ሰላም አስታማሚ ናት፤ በየቀኑ የምታየውን ነገር ነበር የምትጠይቀኝ። «ጌታሁን» አለችኝ በመጨረሻ፣ «አሁኑኑ ሂድባት።»

የት ልሂድ? ቤቷን አላውቀውም። ስልኳ ተዘግቷል። ወደ ታች ወረድኩ። ፍራንካ ሲመሽ ቤቷ ትሄዳለች፤ እንግዳው ሁሉ የራሱን ቁልፍ ይዞ ነው የሚገባው። አደባባዩ ላይ ሁለት ሰዎች አስቁሜ «አስካ? አስካ?» አልኳቸው። አንደኛው ሽማግሌ ስሟን ሲሰማ ባርኔጣውን አወለቀና አንድ ነገር አለኝ። አልገባኝም። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን አራት ሰዓት ሆነ፤ አለፈም። ፍራንካ ወተት አላፈላችም። ከባንኮኒው ኋላ ቆማ አንድ ፎጣ ደጋግማ ታጥፋለች።

«ሲኞራ፣ እህቴ የት ናት?»

«በእናቴ ነፍስ አስምላኛለች» አለችኝ። ከዚያ ፎጣውን ጣለችና ካፖርቷን አነሳች። «ና።»

የተጓዝነው ቁልቁል ነው፤ ለእኔ እግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። እየሄድን ነገረችኝ። እታለም በመጨረሻ ያስታመመቻት አሮጊት የፍራንካ እናት ነበረች። ዘጠኝ ዓመት አብራት ኖራ፣ ከሁለት ዓመት በፊት በእጇ ላይ ሞታለች። የሚጠብቃት አሮጊት አልነበረም። እታለም ካንሰር ነበረባት፤ ጉበቷን ይዞታል። ከፋሲካ ወዲህ ሕክምናውን አቁማ፣ መነኮሳት በሚያስተዳድሩት መጦሪያ ተኝታ ነበር። ማለዳ ተነስታ ስትታጠብና ስትለብስ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅባታል። ከዚያ አንዷ መነኩሲት በትንሽ መኪና ከአደባባዩ ጥግ ታደርሳታለች። ከጥጉ እስከ ሆቴሉ በር ያሉትን ጥቂት እርምጃዎች ግን «ብቻዬን ነው የምሄደው» ትል ነበር፤ እኔ እንዳላይ።

«መድኃኒቱ ያስተኛታል» አለችኝ ፍራንካ። «የሕመም ማስታገሻውን ማለቴ ነው። ስለዚህ አንተ ከመጣህ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አልወስድም አለች። ሐኪሙ ተቆጣት። እምቢ አለች። ነቅቼ ልየው አለች።»

አንባቢዎች ሆይ፣ ይህን በደንብ ላስረዳችሁ። እህቴ በነዚያ ሁለት ጠዋቶች ማስታገሻ ሳትወስድ፣ በዚያ ሁሉ ሕመም ፊቴ ተቀምጣ ነበር። እኔ ደግሞ ያንን ጊዜ ስለ ፖሊስ ማስረጃ ሳስረዳትና ስሰድባት ፈጀሁት።

ነጭ ግድግዳ ያለው ክፍል ውስጥ ተኝታለች። ያለ ሻሹ ራሷን ሳየው እንደ ሕፃን ራስ ነው። ትናንት ከሆቴሉ ስትመለስ ሁለት እጥፍ መድኃኒት ሰጥተዋት ከዚያ ወዲህ ብዙም አልነቃችም አሉኝ። ወንበር ስቤ እጇን ያዝኩ። «እታለም፣ እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ» አልኳት። ትንፋሿ ብቻ ይሰማል።

ከሰዓት በኋላ ዓይኗን ገለጠች። ተስፈንጥሬ ተነሳሁ። ከእኔ አልፋ ፍራንካን አየችና በጣሊያንኛ ተናገረች፤ ድምፅዋ የሥራ ሰው ድምፅ ነበር፣ ጥድፍድፍ ያለ።

«ምን አለች?»

ፍራንካ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እናቴ ሾርባዋን ጠጥታ እንደሆነ ነው የምትጠይቀኝ።» ከዚያ ጎንበስ ብላ መለሰችላት። በኋላ ስጠይቃት «አዎ አስካ፣ ሁሉንም ጨርሳለች አልኳት» አለችኝ።

እታለም ራሷን ነቀነቀች፤ ደስ አላት። ወደ እኔ ዞረች። «እታለም፣ ጌታሁን ነኝ። ጌቱዬ ነኝ» አልኳት። በትሕትና ፈገግ አለችልኝና አንድ አጭር ነገር ተናገረች። ፍራንካ ልትተረጉምልኝ አልፈለገችም። አጥብቄ ያዝኳት።

«‹ዶክተር፣ ቡና ይጠጣሉ?› ነው ያለችህ።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ አጠገቧ ተቀምጬ በአማርኛ ለፈለፍኩላት። የልጅነታችንን ነገር፣ የአባታችንን ነገር፣ ያልኩሽ ሁሉ ሐሰት ነው፣ አንቺ እኔን አሳድገሻል፣ አንቺ ዘመድ ነሽ፣ ሌላ ዘመድ የለኝም እያልኩ። አልፎ አልፎ ስትነቃ የምታወራው በጣሊያንኛ ነው፤ ስለ አንሶላ፣ ስለ ክኒን ሰዓት፣ መስኮቱን ስለ መዝጋት። ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖረችው በዚያ ቋንቋ ነው፤ አንድም ቀን ስለ ሕይወቷ ጠይቄያት አላውቅም። አማርኛችን አስቀድሞ ከእሷ ወጥቶ ሄዶ ነበር። ቀኑን ቆጥሬ ሳየው፣ በአማርኛ የሰማችው የመጨረሻው ነገር ያ ስድብ ሳይሆን አይቀርም። በአማርኛ የተናገረችው የመጨረሻው ቃል ደግሞ «ልክ ነህ» የሚለው ነው።

ከሁለቱ ቀናት ማግስት ከቀትር በኋላ አረፈች። እጇ እጄ ውስጥ ነበር፤ መሞቷን ግን የነገረችኝ መነኩሲቷ ናት። እኔ አላወቅኩም ነበር።

የቀበርናት እዚያው ነው፤ ማንንም አታስቸግሩ ብላ በጽሑፍ ትታ ነበር። ሮም ላለ አንድ የእኛ ቄስ ደወልኩ፤ በሁለት ቀን ውስጥ መድረስ እንደማይችሉ አዝነው ነገሩኝ። ስለዚህ የከተማው ቄስ በቋንቋቸው ጸለዩላት። መቃብሩ ላይ ወደ ሃምሳ ሰው ቆሟል፤ ሁሉም ያውቋታል። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል የማላውቃት እኔ ነበርኩ። የኛን ጸሎት ላድርስላት ብዬ «አባታችን ሆይ» አልኩና መሐሉ ላይ ጠፋብኝ። ሁለተኛ ጀመርኩት፤ አሁንም ጠፋብኝ። ተውኩት።

ሲልቨር ስፕሪንግ ስመለስ ቤታችን ለቅሶ ደራሽ ሞላው። ከኮሌጅ ፓርክም፣ ከቨርጂኒያም መጡ። ከማኅበራችን አንዲት እናት፣ እማማ ደብሪቱ፣ አጠገቤ ተቀምጠው ጉልበቴን ያዙኝ።

«ልጄ፣ እንኳን ደረስክላት። በሕይወት አገኘሃት አይደል?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ተነጋገራችሁ?»

«ተነጋገርን።»

«በመጨረሻ ምን አለችህ?»

ሰላም ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ሁሉን ነግሬያታለሁ።

«ስሜን ጠርታ መረቀችኝ» አልኩ።

እማማ ደብሪቱ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። «ተመስገን! በመንገዷ የሄደች ነፍስ ናት» አሉ። ሰው ሁሉ አለቀሰ፤ ደስታ የተቀላቀለበት ለቅሶ። ሰላም ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች።

ምን ለወጠህ ትሉኝ ይሆናል። አሁን ስልክ አነሳለሁ። ሰው «ደህና ነኝ» ሲለኝ ሁለተኛ እጠይቃለሁ። ሥራዬን ወደ ቀን ሺፍት ብቻ አስቀይሬያለሁ። ልጄ «ዳዲ፣ ዩ አር ዲፈረንት» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ግን አትሳሳቱ፤ ይህ ለእታለም የሚጠቅማት ነገር የለም። ከስህተት መማር ለሚቀጥለው ጊዜ ነው የሚባለው፤ እኔ ሌላ እህት የለኝም። ይቅርታ እንድታደርጉልኝም አይደለም የጻፍኩት። ይቅር ማለት የምትችለዋ አንዲት ሴት ነበረች፤ እኔ ስለምናት እሷ የምታስበው ስለ አሮጊቷ ሾርባ ነበር።

የጻፍኩት ያን ውሸት ብቻዬን መሸከም ስላቃተኝ ነው። ስሜን አልጠራችም። አልመረቀችኝም። ማን እንደሆንኩም አላወቀችም። አሁንም እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ እማማ ደብሪቱ ባገኙኝ ቁጥር እጄን ይዘው «የእህትህ ምርቃት ይድረስህ» ይሉኛል። እኔም ራሴን ዝቅ አድርጌ «አሜን» እላለሁ።